ስለ ቍጥር ትምህርትና ስለ ሸመገሉ ሕመምተኞች

ብዙ ሰው ቍጥርን የነጋዴና የግብር ሰብሳቢ መሣሪያ ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን ቍጥር ለቤተ ሰብ ጤና የሚሰጠውን ጥቅም የተመለከተ ሰው፣ ከመድኃኒት ጋራ አብሮ የሚሄድ መሆኑን ይረዳል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለዚሁ ነገር ነው።

በጎንደር ከተማ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖአል። ይኸው ትምህርት ቤት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. በደጋው አገር በዳባት የምርምር ጣቢያ አቆመ። በዚያም ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ያገባውንና አገር ለቆ የሄደውን ይመዘግባሉ። ሰው በቤቱ ሲሞት የሐኪም ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይኖር፣ ስለ ሕመሙ ምልክት ቤተ ሰቡን ጠይቀው የሞቱን ምክንያት ይመረምራሉ። የሕይወትን ሳይንስ የሚማር ወጣት ስታቲስቲክስ የተባለውን ትምህርት የሚማረው ስለዚህ ነው።

ይህ ትምህርት በኤች አይ ቪ ሕክምና ዘንድ እጅግ ያስፈልጋል። ባገራችን መድኃኒቱ ያለ ዋጋ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በ40 ዓመቱ የጀመረ ሰው ዛሬ ወደ 60 ዓመት ደርሶአል። ሐኪሞችም በዚህ ሕመም ረገድ 50 ዓመት የሞላውን ከሸመገሉት ይቈጥሩታል። በዚህ ዕድሜ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የኩላሊትና የአጥንት ድካም ስለሚጨመር መድኃኒቱ ይበዛል፤ አንዱም ከሌላው ጋራ የማይስማማበት ጊዜ አለ። ደግሞም ሽማግሌን በዚህ ሕመም የሚጠረጥር ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ ምርመራው ይዘገያል።

አሁን ለምሳሌ ያህል አምስት ሕመምተኞችን እናስብ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደማቸው የተገኘው የቫይረስ ቍጥር የአራቱ 50፣ 50፣ የአምስተኛው 100,000 ቢሆን፣ አማካዩ 20,040 ይሆናል። በተራ ሲደረደሩ ከመካከል የሚገኘው ግን 50 ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ተማሪ መድኃኒቱ ላምስቱም አልሠራም ይላል፤ የመካከሉን ብቻ ያየ ደግሞ አምስቱም ደኅና ናቸው ይላል። አምስተኛውን ሰው ሁለቱም አላዩትም።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዘመን ያሳለፍን ነን። ከመደርደሪያ የታጣ መዝገብ ውሳኔ ያገኘ መዝገብ እንዳይደለ እናውቃለን። እንዲሁም ከቀጠሮው የቀረ ሕመምተኛ የዳነ አይደለም። የመጡትን ብቻ የሚቈጥር ሐኪም ቤት ቍጥሩ ያማረ ይሆናል፤ የቀሩት ግን በቤታቸው ይደክማሉ።

በጎረቤታችን ያሉ አንዲት የሸመገሉ ወይዘሮ ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ቀሩ። ልጃቸው ምክንያቱን ቢጠይቃቸው፣ «በልጅ ልጆቼ ዕድሜ ካሉት ጋራ ተሰልፌ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል? ጠበሉ ይበቃኛል» አሉት። እርሱም ጠበሉን አልነቀፈም፤ ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ መምከራቸውን አስታወሳቸው። በማግሥቱም ሥራውን ትቶ ከጐናቸው ተሰለፈ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አልጐደለም።

ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ቢኖር፣ ከየት አመጣኸው፣ ከየት አመጣሽው ብሎ መመርመር አይገባም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል። ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ የሆነለት ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። የቀጠሮውን ቀን ጻፉ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ለመሄድ የደከመውንም ደግፋችሁ አድርሱ። ሐኪም ቤቱ የቀረውን ሰው ከመዝገቡ ቢያየው እንኳ፣ መንገዱን ይዞ የሚያመጣው ቤተ ሰቡ ነው።