ሻጭ ራሱን በምን ቃል ይግለጽ?

ሥራ ፈላጊ ከቀጣሪው ፊት ከመቆሙ አስቀድሞ የሚቆምለት ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ደኅና አድርጎ ከተናገረለት በሩ ይከፈትለታል፤ ወረቀቱ ዲዳ ከሆነበት ግን ዕውቀቱም ልምዱም ከእርሱ ጋር ደጅ ይቀራል። ይህ በማንኛውም ሙያ ያለ ነገር ቢሆንም በሽያጭ ሥራ ላይ ይበረታል። የራሱን ችሎታ ማስረዳት ያቃተው ሰው የሌላውን ዕቃ እንዴት አድርጎ ያስረዳል? ተብሎ ይጠረጠራልና።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የምናውቀው ወጣት ነው። በማኔጅመንት ተመርቆ መርካቶ ውስጥ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሁለት ዓመት ሠርቷል። መደብሩ ሲዘጋ ሲቪውን አባዝቶ ለብዙ ድርጅቶች አስገባ፤ የጠራው ግን አልነበረም። «ጋሼ፣ እስቲ ይመልከቱልኝ፤ ምን እንደ ጎደለው አልገባኝም» ብሎ ወረቀቱን ሰጠን። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያለው» ይላል። መልካም ቃላት ናቸው። ዳሩ ግን እነዚህን ቃላት የጥበቃ ሠራተኛውም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ የአስተማሪውም ወረቀት ሊይዛቸው ይችላል። የሽያጭ ሰው መሆኑን የሚያሳይ አንድ መስመር እንኳ አላገኘንበትም።

«ለመሆኑ ጧት ገብተህ ማታ እስክትወጣ ምን ትሠራ ነበር?» ብለን ጠየቅነው።

ያን ጊዜ አንደበቱ ተፈታ። ለተቋራጮች ፕሮፎርማ ያዘጋጅ ነበር፤ ሲሚንቶና ብረት ፈላጊዎችን ግንባታው ቦታ ድረስ ሄዶ ያነጋግር ነበር፤ በዱቤ የወጣውን ዕቃ ገንዘብ ይሰበስብ ነበር፤ በየወሩ መጨረሻም ቀሪውን ዕቃ ቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር ነበር። ሥራ ሲጀምር 11 የነበሩት ቋሚ ደንበኞች ሥራውን ሲለቅ 26 ደርሰው ነበር። ታዲያ ይህን ለምን አልጻፍከውም? ብንለው «ይኼማ ተራ ሥራ ነው ብዬ» አለን።

የብዙ ወጣቶቻችን ስሕተት ይኸው ነው። ቅጽሉን ያከብራሉ፤ ግብሩን ይንቃሉ። ቀጣሪው ግን የሚፈልገው ግብሩን ነው።

እንግዲህ ለሲቪ የሚሆነው ቁልፍ ቃል ከየት ይገኛል? ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው ከማስታወቂያው ከራሱ ነው። የክፍት ሥራ መደብ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልካቹ እርሳስ ይዞ ይቀመጥና «ተፈላጊ ችሎታ» እና «ዋና ዋና ተግባራት» ከሚለው ሥር ያሉትን ቃላት ያስምርባቸው። ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሚሸጠው? በጅምላ ነው በችርቻሮ? ገዢው ማን ነው? ግለሰብ ነው፣ ሱቅ ነው፣ ወይስ በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤት? የመድኃኒት አስመጪና የለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ ሁለቱም «ሽያጭ ሠራተኛ» ይበሉ እንጂ የሚፈልጉት ሰው አንድ አይደለም። ከተሰመረባቸው ቃላት መካከል አመልካቹ በእርግጥ የሠራባቸውን መርጦ በራሱ ታሪክ ውስጥ በየቦታቸው ያግባቸው።

ይህን ማድረግ ዛሬ ይልቁንም አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት አለ። በብዙ ታላላቅ ድርጅቶች ዘንድ ማመልከቻዎች የሚገቡት በኮምፒዩተር ነው። የቅጥር ሠራተኛው የሚሻውን ቃል ይጽፍና ያ ቃል ያለባቸውን ወረቀቶች ብቻ ሊያስወጣ ይችላል። ተራ የኮምፒዩተር ፍለጋ ደግሞ ፊደልን እንጂ ትርጉምን አያይም። በአማርኛ ለሚጻፍ ወረቀት ይህ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ሂሳብ» እና «ሒሳብ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ለጆሮአችን አንድ ቢሆኑም ለመሣሪያው የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ማስታወቂያው በጻፈበት ፊደል መጻፍ ይበጃል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነም ወረቀቱ በዚያው ቋንቋና በዚያው ቃል ይሁን።

ቃልን እንደ ፈላጊው ፍላጎት መምረጥ ግን ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ብልኀት አይደለም። ኢጣሊያዊው ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1482 ዓ.ም. ገደማ፣ ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ሳለ፣ ሚላኖን ይገዛ ለነበረው ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ነበር። ዓለም ሌኦናርዶን የሚያውቀው በሥዕሉ ነው፤ በዚያ ደብዳቤ ግን ሥዕልን ያነሣው ወደ መጨረሻው ነው። ጦርነት በበዛበት ዘመን ገዢው የሚሻውን ዐውቆ ቀላልና ጠንካራ ድልድይ፣ መድፍ፣ የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እያለ ቁም ነገሩን አስቀደመ። በመዝጊያውም ከዘረዘረው ነገር የማይቻል የሚመስል ቢኖር ገዢው በፈቀደው ስፍራ ሠርቶ ለማሳየት ዝግጁ መሆኑን ገለጸ። እኛን ይበልጥ የሚያስተምረን ይህ መዝጊያው ነው፤ የጻፈውን ቃል «ና፣ አሳየኝ» ብሎ ለሚጠይቀው ሰው ራሱን አቅርቧልና።

ወጣታችን የቃልን ጥቅም ከተረዳ በኋላ ፈተና መጣበት። «እንግዲያው ‹የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ› ብዬ ልጻፍ? ማስታወቂያው የሚፈልገው እሱን ነው» አለን። «በሥርህ ስንት ሰው ነበረ?» አልነው። «ማንም» አለ። «እንግዲያው አትጻፈው» አልነው። አንዳንዶች የማስታወቂያውን ቃል ደጋግመው ይከምራሉ፤ አንዳንዶችም ዐይን እንዳያየው በነጭ ፊደል እየጻፉ መሣሪያውን ለማታለል ይሞክራሉ። መሣሪያው ቢታለል እንኳ ከመሣሪያው በኋላ ሰው አለ፤ ያም ሰው ይጠይቃል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ቃል አንድ ምስክር እናቁምለት። ምስክሩ የተሠራው ሥራ፣ ቁጥሩና ጊዜው ነው። «ጥሩ ሻጭ ነኝ» ከማለት «በሁለት ዓመት ውስጥ ቋሚ ደንበኞችን ከ11 ወደ 26 አድርሻለሁ» ማለት ይሻላል። ቁጥሩ ግን አመልካቹ ከየት እንደ መጣ ሊያስረዳው የሚችለው ይሁን። የቀድሞ አሠሪን ደንበኞች ስምና የዕዳቸውን መጠን ዘርዝሮ መጻፍ ደግሞ አይገባም፤ የትናንቱን ምስጢር ያወጣ የዛሬውንም ያወጣል ያሰኛልና።

ገና ሥራ ያልያዘ ተማሪም ባዶ እጁን አይደለም። ክረምት ክረምቱን በእናቱ ሱቅ የሸጠ ልጅ ዕቃ መቁጠርን፣ ዱቤ መመዝገብን፣ ገዢ ማነጋገርን ያውቃል፤ እንዲሁ ይጻፈው። በመሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል የሠራ ወጣትም ፕሮፎርማ ሲሰበሰብና ጨረታ ሲከፈት ያየው ከገዢው ወንበር ሆኖ ነው። ለመሥሪያ ቤቶች ዕቃ ለሚያቀርብ ድርጅት ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው።

ወጣታችን ወረቀቱን በአንድ ምሽት እንደ ገና ጻፈው። «ታታሪ» የሚለውን ሰርዞ «የዱቤ ሒሳብ መሰብሰብ»፣ «ፕሮፎርማ ማዘጋጀት»፣ «ወርኃዊ የዕቃ ቆጠራ» የሚሉትን ከነምስክራቸው አስገባ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራው። የመጀመሪያው ጥያቄ «26 ደንበኞች ብለሃል፤ እንዴት አገኘሃቸው?» የሚል ነበር። ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ ውጤቱ አልተነገረውም። ነገር ግን ከዚያ ሲመለስ አንድ ነገር ነግሮናል፤ ለጥያቄው ሁሉ መልስ ነበረው፤ የጻፈውን ሁሉ ሠርቶታልና።