ለአሠልጣኙ ጥቂት ጊዜ

ሰኞ ዕለት ወደ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይመለስም። ከደጋ እህል የጫነው፣ ከቆላ ግመልና ፍየል የነዳው ሕዝብ በሚገናኝበት በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ግመል ሊገዛ የመጣ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ብዙ ይቆያል። ጥርሱን ያያል፤ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል፤ እግሩን ይዳስሳል። ግመሉ ገና ያልደረሰ እንደሆነም ነገ ምን እንደሚወጣው ይመረምራል እንጂ ዛሬ ምን ያህል ይጭናል ብሎ አይጠይቅም። ግመል ለጭነት እስኪበቃ ድረስ ዓመታት እንደሚፈጁበት ያውቃልና ነው።

በገበያ ላይ ይህን ያህል አስተዋይና ታጋሽ የሆነው ሰው፣ ነገሩ ወደ እግር ኳስ የዞረ እንደሆነ ጠባዩ መለወጡ ያስገርማል። እሑድ ማታ በቴሌቪዥን ቤት ተጨናንቆ የእንግሊዝን ክለቦች ጨዋታ ሲመለከት ያመሸው ደጋፊ፣ ቡድኑ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የተሸነፈ እንደሆነ «አሠልጣኙ ይባረር!» ለማለት የሚቀድመው የለም። በማግሥቱም ቡና የሚጠጣው በዚሁ ወሬ ነው።

እኔም ከደጋፊዎች አንዱ ነኝ። የምደግፈው ቡድን በቴሌቪዥን የማይታይ፣ የአገር ቤት ትንሽ ቡድን ነው፤ ስሙን የማልጠቅሰው አሠልጣኙን ለበለጠ ሐሜት ላለማጋለጥ ብዬ ነው። በዚህ ዓመት ካሸነፈበት ጊዜ የተሸነፈበት ይበዛል። በዚህም ምክንያት ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ አሠልጣኙ እንዲሰናበቱ የሚጠይቅ ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረዋል። ወረቀቱ ለእኔም ቀርቦልኝ ነበር፤ አልፈረምሁም። ጓደኞቼ ግን ዝምታዬን እንደ ፍርሃት ስለ ቈጠሩት፣ ያልፈረምሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ማስረዳት ግዴታዬ ሆኗል።

በመጀመሪያ የማንቸስተር ዩናይትድን ታሪክ እንመልከት። በከተማችን የዚህ ክለብ ደጋፊ እጅግ ብዙ ነው፤ ሆኖም አብዛኞቻችን የምናውቀው የታሪኩን መጨረሻ እንጂ መጀመሪያውን አይደለም። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ቡድኑን የተረከቡት በአውሮፓ አቈጣጠር በኖቬምበር 1986 ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቡድኑ ከ22 ክለቦች መካከል 21ኛ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት 11ኛ ሆነው ጨረሱ። በሁለተኛው ዓመት 2ኛ ወጡ። በሦስተኛው ተመልሰው 11ኛ፣ በአራተኛው 13ኛ ሆኑ። በ1989 በገዛ ከተማቸው ተቀናቃኝ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 1 ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም እንዲሄዱ የሚጠይቅ ጽሑፍ በጨርቅ ላይ ተጽፎ በራሳቸው ሜዳ ታየ።

የክለቡ አስተዳዳሪዎች ግን አላሰናበቷቸውም። በሜይ 1990 ቡድኑ የእንግሊዝን የኤፍ ኤ ዋንጫ አገኘ። በ1993 ደግሞ 26 ዓመት ሙሉ ርቆት የነበረውን የሊግ ዋንጫ አነሣ። ፈርጉሰን በ2013 ጡረታ ሲወጡ 13 የሊግ ዋንጫዎች አስቈጥረው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በእነዚያ መጥፎ በተባሉት ዓመታት ሥራው አልቆመም ነበር። አሠልጣኙ ታዳጊ ልጆችን የሚፈልጉ ሰዎችን አብዝተው ወደየሠፈሩ ያሠማሩ ነበር። ራየን ጊግስ በ1987 ወደ ክለቡ የመጣው ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ1992 የወጣቶችን ዋንጫ ያገኘው ቡድን ከእሱ ጋር ዴቪድ ቤካምንና ጋሪ ኔቪልን የያዘ ነበር። ይህ ሁሉ ሲዘጋጅ በውጤት ሰሌዳ ላይ አይታይም ነበር። ሰሌዳውን ብቻ የሚያይ ደጋፊ ቢፈርድ ኖሮ፣ ዘሩ ሳይበቅል መሬቱ ለሌላ ይሰጥ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ የብሔራዊ ቡድናችን ታሪክ የክለብ ታሪክ ባይሆንም ትምህርቱ አንድ ነውና። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ መልሰው በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ አሰለፏት። ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያም ቡድናቸው እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰ፤ በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። ከዚያ በኋላ በ2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል እንኳ ሳያገባ ተሸነፈ። አሠልጣኙም ወዲያው ተሰናበቱ።

የተከተለው ምን ነበር? ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፤ ሄዱ። ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረ መድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተከታትለው ሠሩ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ውበቱ አባተ ተረከቡ። ሰባት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ስድስት አሠልጣኞች ማለት ነው። በዚህ መካከል የተደረጉት ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች፣ በአውሮፓ አቈጣጠር የ2015፣ የ2017 እና የ2019፣ ሁሉም አመለጡን። ጥፋቱ በሙሉ ከመለዋወጥ የመጣ ነው አልልም። ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ አሠልጣኝ ተጫዋቹን እስኪያውቅ፣ ተጫዋቹም ሐሳቡን እስኪረዳ ድረስ ጊዜ ማለፉ የማይካድ ነው። በመጨረሻ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበትም ማጣሪያ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም፤ ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፈው ቡድን በአሠልጣኝ አብርሃም እጅ ነበር፤ ከግቡ ያደረሱት ግን አሠልጣኝ ውበቱ ናቸው። አንዱ የዘራውን ሌላው አጨደ።

የድሮውንም ብናስታውስ፣ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ በግብፅ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ተሸንፋለች። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ተጋጣሚ በፍጻሜው ስትገጥም፣ በአሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ የተመራው ቡድን ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥቶ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለቱን ሽንፈቶች ብቻ ቈጥሮ ከሜዳ የወጣ ደጋፊ ይህን ደስታ ባላየ ነበር።

ጓደኞቼ በዚህ ላይ የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ። «ትዕግሥት ሁልጊዜ ዋንጫ አያመጣም፤ ሰነፍም በትዕግሥት ስም ሊደበቅ ይችላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለፈርጉሰን የታገሠ ሁሉ ፈርጉሰንን አያገኝም። ይሁን እንጂ ማሰናበትም በራሱ መድኃኒት አለመሆኑን እዚያው ክለብ ያሳየናል፤ ፈርጉሰንን የተኩት ዴቪድ ሞየስ የስድስት ዓመት ውል ፈርመው አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ተሰናበቱ፤ ከእሳቸው በኋላ ብዙዎች ቢፈራረቁም እስከ 2025 ድረስ የሊጉ ዋንጫ አልተመለሰም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው።

ስለዚህ እኔ የምለምነው ዓይንን የጨፈነ ትዕግሥት አይደለም። የግመል ገዢው ትዕግሥት ምልክት የሚፈልግ ትዕግሥት ነው፤ እኛም ምልክት እንፈልግ። ተጫዋቾቹ በመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች አሁንም ይሮጣሉን? ባለፈው ዓመት ኳስ ማቆም ያቃተው ወጣት ዛሬ ተሻሽሏልን? አሠልጣኙ ትናንት የሠሩትን ስሕተት ዛሬ ይደግሙታልን ወይስ ያርሙታል? የሦስቱም መልስ መጥፎ የሆነ እንደሆነ፣ እኔ ራሴ መጀመሪያ እፈርማለሁ። የእኛን ቡድን ስመለከት ግን የተሸነፍነው በብዛት በአንድ ጎል ነው፤ ሦስት ልጆች ከታዳጊዎቹ አድገው ተሰልፈዋል፤ እስከ ፊሽካው ድረስም ይታገላሉ። ይህ የሞተ ቡድን ምልክት አይደለም።

ለአሠልጣኙ ምን እንደ ሰጠናቸውም እንጠይቅ። የመለማመጃ ኳስ ያጡበት ሳምንት ነበር። ሜዳው ለሌላ ጉዳይ በመዋሉ ልምምድ የተሰረዘበት ቀን ብዙ ነው። የጎደለውን መሣሪያ ሳይሞሉ ሠራተኛውን መውቀስ ፍርድ አይደለም።

ይህ ነገር ከኳስ ሜዳ ውጭም ለምናገለግል ወጣቶች ሳይጠቅም አይቀርም። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ በመጣ ቍጥር የቀድሞው ዕቅድ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሁሉም ከሀ ይጀምራል፤ ባለጉዳዩም ይጉላላል። ነገ ዛሬ ተማሪ የሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ወንበሩን ሲይዙ፣ ሥራቸው በሦስት ወር ውጤት ብቻ እንዲመዘን አይወዱም። ለራሳችን የምንመኘውን ሚዛን ለሌላውም ማቅረብ ይገባናል።

እንግዲህ ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ወረቀቱን አንቅደደው፤ ጽሑፉን እንለውጠው እንጂ። አሠልጣኙ እስከ ውድድሩ ዓመት መጨረሻ እንዲቆዩ፣ ኮሚቴው በቂ ኳስና የተወሰነ የልምምድ ሰዓት እንዲሰጣቸው፣ በዓመቱ መጨረሻም ከላይ የዘረዘርኋቸው ጥያቄዎች በእሳቸው ፊት በግልጥ እንዲመረመሩ የሚጠይቅ ይሁን። እንዲህ ያለ ወረቀት የመጣ እንደሆነ ስሜን ከሁሉ በላይ እጽፋለሁ፤ በሚቀጥለው ጨዋታም፣ ብንሸነፍም እንኳ፣ ከቦታዬ አልታጣም።