ፒስተኑን የሚመልሰው ጎሚኒ

«ጋሼ፣ ሞተሬ ከብዶኛል፤ ቤንዚኑ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ ዕቃ በማድረስ የሚተዳደረው ጎረቤቴ። ሐምሌ ነው፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ቆመናል፤ ሞተሩ እስከ እጀታው ጭቃ ለብሷል። የፊት ጎማውን ከመሬት አነሣንና በእጄ አሽከረከርኩት። ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ቀጥ አለ። ዲስኩ ላይ ጠብታ ውሃ ብጥልበት ቺስ ብሎ ተነነ። ቤንዚኑ ምንም አልሆነም፤ የያዘውን አልለቅም ያለው ፍሬኑ ነው።

ካሊፐር ዲስኩን በሁለት ሸራ መካከል አድርጎ የሚጨብጠው ብረት ነው። እጀታውን ስትጨብጡ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ደግሞ ሸራውን ይገፋል። ይኸው ነው። እንደ አብዛኞቹ ቦክሰሮች ፊታቸው ከበሮ ፍሬን የሆነ ሞተሮች የራሳቸው ወግ አላቸው፤ ዛሬ አልነካቸውም። የዘይት ዲስክ ፍሬን በብዛት በሚመረት ሞተር ላይ የተለመደው ሆንዳ ሲቢ 750ን ካወጣበት ከ1969 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ዛሬ በከተማችን የምናያቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ካንዴላውንና የሞተር ዘይቱን ሲተዉ ካሊፐሩን ግን ይዘውት ቀጥለዋል።

እጀታውን ስትለቁ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ምንድን ነው? ይህን ስንት ሞተረኛ ጠይቄአለሁ! «ሞላ ነዋ» ይሉኛል። ፈታችሁ ብታዩ ግን ሸራው እንዳይንኳኳ ከሚይዘው ስስ ላሜራ በቀር ፒስተኑን የሚጎትት ሞላ አታገኙም። ሞላ ያለው ከበሮው ነው። «ዘይቱ ይስበዋል» የሚሉም አሉ፤ ዘይቱ ሥራው መግፋት ነው።

የሚመልሰው በፒስተኑ ዙሪያ በካሊፐሩ ቦይ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ጎሚኒ ነው። ቅርጹን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ቀለበት ቢሆንም ጎኑ ድቡልቡል አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። ውስጠኛው ጠርዙ ፒስተኑን አጥብቆ ይይዛል። ፒስተኑ ሲገፋ ጎሚኒው አብሮት ትንሽ ይጣመማል፤ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፣ ሲመለስም ፒስተኑን ይዞት ይመጣል። የሚመልሰው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ነው። ሸራው ዲስኩን ለቆ እንዲቆም ያቺ ታህል ክፍተት ትበቃዋለች።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ገና ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ፒስተኑ ሩቅ መግፋት አለበት። ያኔ ጎሚኒው መጣመም የሚችለውን ያህል ይጣመምና ፒስተኑ በውስጡ ሸርተት ብሎ አዲስ ቦታ ይይዛል፤ መመለሻው ግን ያው የቀድሞው ልክ ነው። ከበሮ ፍሬን በየጊዜው ዳዶው እየተጠበቀ ይስተካከላል፤ ይሄ ራሱን ያስተካክላል። በጣት የምትነሣ ጎሚኒ ማኅተምም፣ ሞላም፣ ማስተካከያም ሆና ትሠራለች፤ ስሟን የሚጠራላት ግን የለም።

ታዲያ ለዚች ጎሚኒ የምንከፍላት ምንድን ነው? ሸራ ሲቀየር መካኒኩ በካቻቢቴ ፒስተኑን ገፋ ያደርገዋል። ሸራው ባለቀ መጠን ፒስተኑ ወደ ውጭ ወጥቶ ከርሟል፤ የወጣው ክፍሉም የበጋ አቧራና የክረምት ጭቃ ጠጥቶ ደርቆበታል። ያ ቅርፊት እንዳለ ሲገፋ ጎሚኒው ላይ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄድበታል። እባካችሁ፣ ከመግፋታችሁ በፊት እጠቡት! ለብ ያለ የሳሙና ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ካሊፐሩን ስትፈቱ በሽቦ እሰሩት እንጂ በዘይት ቱቦው አታንጠልጥሉት። በሸራዎቹ ቦታ ቁራጭ እንጨት አስገብታችሁ እጀታውን ቀስ እያላችሁ ጨብጡ፤ ፒስተኑ ትንሽ ወጣ ሲል ዙሪያውን ቦርሹ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ከዚያ በእጃችሁ ግፉት። እንጨቱን ከረሳችሁ ፒስተኑ ወጥቶ ይወድቃል፣ ዘይቱም ይፈስሳል።

በናፍጣና በቤንዚን ማጠብ የሚወዱ አሉ። ብረቱ ያብረቀርቃል፤ ጎሚኒው ግን የነዳጅ ዘር አይስማማውም፣ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ያብጣል። ተራው የጎማ ቤት ግሪስም ያው ነው። የጎረቤቴ ሞተር ችግር እዚህ ላይ ነበር። ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ዓይነት ነው፤ ፒስተኑ ያለው ባንድ ወገን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላኛውን ሸራ ወደ ዲስኩ የሚያመጣው የካሊፐሩ መንሸራተት ነው። ከወራት በፊት አንድ ጋራዥ ፒኖቹን ያገኘውን ግሪስ ቀብቶ መለሰለት። የፒኖቹ ጎሚኒ ኮፍያዎች አብጠው ፒኖቹን ነክሰዋቸው አገኘናቸው። ሸራዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት፤ አንዱ ሊያልቅ የቀረው ቅጠል ያህል ነው፣ ሌላው ገና አልተነካም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ሸራ ካያችሁ ሸራውን ብቻ ቀይራችሁ አትሂዱ፤ ፒኖቹን አውጡ።

ለፒን የሚሆነው ሲሊኮን ግሪስ ነው፤ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ሲበዛ ፒኑ ሲገባ አየር ያፍናል። ሸራውና ዲስኩ ላይ ጠብታ እንዳይደርስ!

ከተማው በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር እንቅስቃሴን በፈቃድ ከገደበ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ላይ የምናየው ሞተር በአብዛኛው ቀኑን ሙሉ የሚሠራ የእንጀራ ሞተር ነው። እንዲህ ለሚሠራ ሞተር አንዴ ክረምት ሲገባ፣ አንዴ ጭቃው ሲያበቃ ካሊፐሩን ማጠብ ብዙ አይደለም። የፍሬን ዘይቱንም በሁለት ዓመት ቀይሩት፤ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል።

አዲስ ኮፍያና ሸራ አስገብተን ስንጨርስ ጎማው በአንድ ግፊት ብዙ ዙር ዞረ። ልጁ ወዲያው ሊነሣ ሲል እጁን ያዝኩት። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለተገፋ የመጀመሪያው ጭበጣ ባዶ ነው። ቆሞ እንዲጨብጥ አደረግሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እጀታው እስኪጠነክር። ከዚያ ነው ወደ ኮብልስቶኑ የለቀቅሁት።