ሰሌዳ የነበረበት አሸዋ

የውኃ ዳር ሽርሽር ሲባል ቢሾፍቱ ወይም ላንጋኖ ትዝ ለሚለን ለእኛ፣ አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ በባሕር አሸዋ ላይ ሲሰበሰብ ማሰብ ያዳግተናል። በደቡብ አፍሪካ የምትገኘው ደርባን ግን እንዲህ ያለች ከተማ ናት። ዙሉዎች ኤቴክዊኒ ይሏታል፤ ስሙ የወጣው የባሕር ወሽመጥ ከሚለው ቃል ነው። ወሽመጡ ዛሬ ታላቅ ወደብ ሆኖአል፤ ሕዝቡ የሚውለው ከወደቡ በር ወደ ሰሜን በተዘረጋው «ወርቃማው ማይል» በሚባለው ዳርቻ ነው።

በአውሮፓውያን አዲስ ዓመት ቀን ከመካከለኛው አገር ሳይቀር ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጕዘው የሚመጡ ቤተ ሰቦች አሸዋውን ይሞሉታል። ልጆች እንዳይጠፉ የወላጅ ስልክ የተጻፈበት አምባር በእጃቸው ይታሰራል። የባሕሩን ውኃ ለፈውስ በጠርሙስ ቀድቶ የሚሄድም አለ። ማለዳ ነጭ ለብሰው የሚጠመቁ ምእመናን ይታያሉ፤ ጥምቀትን ጃን ሜዳ ያከበረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ በፊት ወደዚህ መድረስ አይችልም ነበር። (ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ1952 ዋናተኞችን ከሻርክ ለመጠበቅ በባሕሩ ውስጥ መረብ ተዘረጋ። በ1953 ደግሞ ነጩን ከሌላው የሚለየው የመዝናኛ ቦታዎች ሕግ ወጣ። የቀንድ ቆብ ደፍቶ ነጮችን በሪክሻ የሚጐትተው ዙሉ በዳርቻው ጐዳና ሲሮጥ ይውላል፤ ላቡን በባሕሩ ልታጠብ ቢል ግን ወንጀለኛ ነው። በአሸዋው ላይ የተተከለው ሰሌዳ የማዘጋጃ ቤቱን ደንብ ከነአንቀጹ ይጠቅስ ነበር። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ አርቅቆታል፣ አንድ ሹም ፈርሞበታል፣ ሌላው ደግሞ በሦስት ቋንቋ አስጽፎታል ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ምናልባት ሰዓት አክባሪና ትጉህ ሠራተኞች ነበሩ። እኛም በየቢሮው ወረቀት የምናገላብጥ ስለ ሆንን ይህን ስናስብ ይከብደናል።

በሴፕቴምበር 1989 ብዙ ሰዎች ደንቡን ጥሰው አዲንግተን ወደሚባለው ዳርቻ ገቡ። በኖቬምበር ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ ዳርቻዎቹ ለሁሉ እንዲከፈቱ አስታወቁ፤ ሕጉም በ1990 ተሻረ። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ2002 የአፍሪካ ኅብረት ሆኖ ሥራውን የጀመረው በዚችው በደርባን ነው።

በኤፕሪል 2022 ከአራት መቶ በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የፍሳሹን መሥመር ሰባብሮ ባሕሩን ስላቈሸሸው ዳርቻዎቹ ለወራት ተዘጉ። ያኔ ዋና ክልክል ነው የሚለው ማስታወቂያ ዘርን አልለየም።