ተማሪ ሁሉ «ጋክሴይ» አይባልም

ሰሞኑን ደምበል አጠገብ ካፌ ቁጭ ብለን፣ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ በጃፓንኛ የጻፈውን ራስ ማስተዋወቂያ አሳየኝ። «ዋታሺ ዋ ጋክሴይ ዴስ» ይላል፤ «ተማሪ ነኝ» ለማለት ነው። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ጃፓናዊ ካነበበው ግን ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባ ይመስለዋል።

እኛ ከኬጂ እስከ ዶክትሬት «ተማሪ» ብለን እንገላገላለን። የጃፓን የትምህርት ሕግ ግን በደረጃ ይለያቸዋል፦

🔹 ጂዶ፦ አንደኛ ደረጃ (6 ዓመት)
🔹 ሴይቶ፦ መካከለኛ (3 ዓመት) እና ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ (3 ዓመት)
🔹 ጋክሴይ፦ ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ

በዕለት ተዕለት ንግግር ደግሞ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ይዘው «ሴይ» ይጨምሩበታል፦ ሾጋክሴይ (አንደኛ ደረጃ)፣ ቹጋክሴይ (መካከለኛ)፣ ኮኮሴይ (ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ)፣ ዳይጋክሴይ (ዩኒቨርሲቲ)። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ኮኮሴይ ዴስ» ይበል።

⚠️ ክፍል ስትናገሩም ተጠንቀቁ። እነሱ ከ1 እስከ 12 በተከታታይ አይቆጥሩም፤ ትምህርት ቤቱ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ከ1 ይጀምራሉ። የኛ 7ኛ ክፍል ለነሱ የመካከለኛ 1ኛ ዓመት፣ 12ኛ ደግሞ የከፍተኛ 3ኛ ዓመት ነው። የሚያደናግረው 9ኛ ክፍል ነው፤ እኛ ጋ ሁለተኛ ደረጃ የሚጀመርበት ሲሆን እነሱ ጋ የመካከለኛ ደረጃ መጨረሻ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ በዓመት ሲሰላ ገና ቹጋክሴይ ነው ማለት ነው።

🎓 የጃፓን መንግሥትን ስኮላርሺፕ (ሜክስት) የምታስቡ ደግሞ «ኬንክዩሴይ» የምትል ቃል ታጋጥማችኋለች። ይህ ዲግሪ የማያሰጥ የምርምር ተማሪነት ነው። ብዙዎች በዚህ ገብተው የመግቢያ ፈተና ካለፉ በኋላ ነው ማስተርስ የሚጀምሩት። ማስተርስም ዶክትሬትም የሚማር «ኢንሴይ» ይባላል። ኬንክዩሴይ ሆናችሁ «ማስተርስ ላይ ነኝ» ብላችሁ ሲቪ ላይ አትጻፉ።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወድቆ ለከርሞ የሚያጠናስ? «ሮኒን» ይሉታል፤ ድሮ ጌታ የሌለው ሳሙራይ መጠሪያ ነበር። እኛ ጋ የሚቀርበው የሬሜዲያል ተማሪ ሳይሆን የግል ተፈታኝ ነው፤ የሬሜዲያል ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማራል፣ ሮኒን ግን ቤቱ ወይም የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የሚዘጋጀው።