ጤና አዳም፦ ሽታው ከምን ይመጣል?

ቡና ሲፈላ ጤና አዳም ከሲኒው ይገባል፤ ከአይብ ይደባለቃል፤ ፍሬው ለበርበሬ ቅመም ይሆናል። ስደት ላይ ያለውም ወገናችን በረንዳው ላይ ተክሎ ያሳድገዋል። ለመሆኑ ይህ ሁላችንም የምናውቀው ሽታ ምንድን ነው?

ጤና አዳም በሳይንስ ስሙ ሩታ ካሌፔንሲስ ይባላል። ከሎሚና ከብርቱካን ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ እነሱ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቅጠሉ ሲታሽ ይፈነዱና ሽታው ይወጣል።

ዘይቱን ለመለየት እንደ አረቄ አወጣጥ ነው፤ ቅጠሉ በእንፋሎት ይበስላል፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ጎልተው የሚገኙት ሁለት-አንዴካኖን እና ሁለት-ኖናኖን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው 11፣ ሁለተኛው 9 የካርቦን አቶሞች አሏቸው። መጠናቸው እንደ አፈሩ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ተክሉ ክፍል ይለያያል። ሁለት-አንዴካኖን በአሜሪካ ውሻና ድመት ከጓሮ ለማራቅ በሚሸጡ ምርቶች ውስጥም ይገባል።

ከዘይቱ ሌላ ቅጠሉ ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ በበጋ ተክሉን ሲከረክሙ ጓንት ያድርጉ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ከሁሉ በላይ ግን ነፍሰ ጡር እናቶች ይጠንቀቁ። ጤና አዳም ማኅፀንን ያነሣሣል፤ በብዙ አገሮች ጽንስ ለማስወረድ ተቀቅሎ ሲጠጣ ኖሯል፣ በዚህም በኩላሊትና በጉበት ላይ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሴቶች አሉ። ለሆዱ ቁርጠት ተብሎ ለሕፃን ማጠጣትም አይገባም። በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት ደግሞ የብዙ ቅጠል ጉልበት በጥቂት ጠብታ የታመቀበት ስለሆነ ፈጽሞ አይጠጣም።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ጤና አዳም» ቢሉ የሚረዳዎት ላይኖር ይችላል። በእንግሊዝኛ «ሩ»፣ በስፓኒሽ «ሩዳ» ይባላልና በዚህ ስሙ ይንገሩ።

ቡና ላይ ጣል የምትደረግ ቅንጣቢና ተቀቅሎ በብርጭቆ የሚጠጣው አንድ አይደሉም። ማርም ሲበዛ ይመራል።