«ያልገጠመ» ስብራትና «ሳይገጥም የቀረ» ስብራት

የተሰበረ አጥንት ሲያያዝ አማርኛ «ገጠመ» ይላል። ቃሉ የወጌሻውም የሐኪሙም ነው። ችግሩ የሚመጣው ከአሉታው ነው። «አጥንቱ አልገጠመም» ማለት «ገና ነው» ማለትም፣ «ከእንግዲህ በራሱ አይገጥምም» ማለትም ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ወር ይህን የሰማ በሽተኛ እግሩን እንደ ጠፋ ሊቆጥረው፣ በዓመቱ የሰማውም «ጥቂት ልታገሥ» ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። በሕክምናው ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸውም ርዳታ ይለያያል።

የመጀመሪያው፣ አጥንቱ በሚጠበቅበት ጊዜ ባይያያዝም መሻሩን ያላቋረጠበት ነው። ሁለተኛው ያቋረጠበት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1980ዎቹ ባወጣው መመዘኛ፣ ሁለተኛው ስም የሚሰጠው ከጉዳቱ በኋላ ቢያንስ 9 ወር ሲሞላና ለ3 ወር የመግጠም ምልክት ሳይታይ ሲቀር ነው። በዚህ ልክ የማይስማሙ ሐኪሞች አሉ፤ አጥንት ሁሉ እኩል አይፈጥንምና።

እኛ ለመጀመሪያው «መግጠሙ የዘገየ ስብራት»፣ ለሁለተኛው «ሳይገጥም የቀረ ስብራት» የሚሉትን እናቀርባለን። «ቀረ» የሚለው ግሥ የሚፈለገውን ልዩነት ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይናገራል። «የዘገየ ግጥሚያ» የሚለውንም ተመልክተን ትተነዋል፤ አንባቢው ዝናብ ያዘገየው የእግር ኳስ ጨዋታ ይመስለዋል።

ሳይገጥም ለቀረ ስብራት የቆየውና ዛሬም የሚሠራበት መንገድ ሥጋውን ከፍቶ፣ ከዳሌ አጥንት ቆርጦ በስብራቱ ላይ መትከል ነው። ከዚሁ ጎን ሰፊ ቁስል የማይከፍት ዘዴ አለ። ሐኪሙ በወፍራም መርፌ ከዳሌ መቅኔ ይቀዳል፤ አጥንት ሊሆኑ የሚችሉትን ሕዋሳት በሚሽከረከር መሣሪያ ካጠራቀመ በኋላ በቆዳ በኩል ወደ ስብራቱ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ኤርኒጉና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ዘዴ ከታከሙት 60 ሳይገጥሙ የቀሩ የቅልጥም ስብራቶች 53ቱ ገጥመዋል። ባልገጠሙት 7 ላይ የተሰጠው መቅኔ የያዘው የእነዚህ ሕዋሳት ቁጥር አነስተኛ ነበር።

ይህን «የመቅኔ ንቅለ ተከላ» ማለት አይገባም፤ ያ ስም ለደም ካንሰር የሚደረገው ሕክምና ነው። «መቅኔ በመርፌ መስጠት» ይበቃል። የዘዴዎቹን የወል ስም በሚመለከት «ያለ ቀዶ ሕክምና» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም። እስከ አጥንት የሚዘልቅ መርፌ ያለበትን ሥራ በዚህ ስም መጥራት በሽተኛውን ማታለል ነው። «ቀላል ቀዶ ጥገና» የሚለውም አደጋው ቀላል ነው የሚል ተስፋ ይሰጣል። «ጠባብ ቀዶ ጥገና» ግን ስለ ቁስሉ ስፋት ብቻ ይናገራል። «ጥገና» ራሱ፣ በነገራችን ላይ፣ ከቀዶ ሐኪሙ በፊት የወጌሻው ቃል ነበር።

በየቀኑ 20 ደቂቃ ቆዳ ላይ የሚደረገው የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ምንም ስለማይቀድ ከዚህ ስም ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ አዲስ የቅልጥም ስብራት የደረሰባቸው 501 በሽተኞች የተካተቱበት ሙከራ መሣሪያው መግጠሙን እንዳላፋጠነ አሳይቷል፤ ሳይገጥም ስለቀረው ግን አይናገርም። ለስሙ «ልዕለ ድምፅ» የሚለውን አስበን ነበር፤ ከድምፅ የሚፈጥነውን አውሮፕላን ስለሚያስታውስና እናቶች በእርግዝና ክትትል «አልትራሳውንድ» ማለትን ስለለመዱ፣ የተለመደውን እንዳለ ትተነዋል።